የብርጭቆ ልብስ ስንት ያወጣል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍል ለመናገር ሲነሳ ወደ በሩ የሚያይ ሰው እንደሚበዛ እናውቃለን። የዓመቱ የገቢና ወጪ ሪፖርት ታትሞ በእጃችሁ ስላለ እሱን መልሰን አናነበውም። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ብቻ ነው፤ ከትርፍራፊ ክር ስለምንሠራው የብርጭቆ ልብስ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ድምፅ የምንሰጠው በእሱ ጉዳይ ስለሆነ፣ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ሒሳቡን አብረን እንየው ብለን ነው።

ዕቃውን ለማታውቁት እንግዶቻችን በአጭሩ እንንገራችሁ። በኪሮሽ ወይም በሁለት የሹራብ መርፌ የሚሠራ፣ የሻይ ብርጭቆ ወይም የውሃ ጠርሙስ ወገብ ላይ የሚጠለቅ ልብስ ነው። አንዳንዶቻችን “ካፖርት” እንለዋለን። በባዛር ጠረጴዛችን ፊት የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚለው “ለብርጭቆ ደግሞ ልብስ?” ነው፤ ይስቃል። እንዲህ ብሎ የሚስቀው ሰው ግን ቤቱ ሲኬድ ሬዲዮኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ክንድ ሳይቀር ዳንቴል ለብሶ ያደገ ነው። እናቶቻችን ሙቀትም ብርድም የማያውቀውን ሬዲዮ ካለበሱ፣ ጣት የሚያቃጥለውን ብርጭቆ ማልበስ ምን ያስገርማል?

ሥራውም ቀልድ አይደለም። ሱፍም ሆነ ሌላ ለስላሳ ክር በቃጫዎቹ መካከል አየር ይይዛል፤ ያ አየር ነው ሙቀቱ ቶሎ ወደ ጣት እንዳይደርስ የሚከለክለው። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲሆን ደግሞ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ብርጭቆው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ልብሱ እሱን ጠጥቶ ጠረጴዛውን ያደርቃል። በየሻይ ቤቱ ብርጭቆውን በሁለትና ሦስት ሶፍት ጠቅልለው የሚሰጡን በዚሁ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ጄይ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1991 በወረቀት ስኒ ላይ የሚጠለቀውን የካርቶን መያዣ ሲፈጥር ያሰበው ይህንኑ ነበር። የእሱ ካርቶን አንዴ ተይዞ ይጣላል። የእኛ ይታጠባል።

ነገር ግን የማያደርገውን ያደርጋል ብለን አንሽጥ። በፔርሙዝ ላይ የምናለብሰውን አስቡት። ፔርሙዝ ሙቀቱን የሚይዘው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አየሩ ወጥቶ ባዶ ስለተደረገ ነው፤ የእኛ ልብስ እዚያ ላይ የሚጨምረው ነገር ከቁጥር አይገባም። ከመጫጫር ያድነዋል፣ ያምራል፣ በቃ። አንዲት ገዢ “ሻዬን እስከ ማታ ያቆይልኛል?” ብትል “ፔርሙዙ ያቆይልዎታል” ብለን እንመልስ።

አሁን ወደ ክሩ። ማኅበራችን ክር የሚያገኘው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የተማሪ ሹራብ ከሚሠሩ ቤቶች የሚተርፈው ነው፤ በዚህ ምክንያት ከረጢታችን ሁልጊዜ በጥቁር ሰማያዊ፣ በወይን ጠጅና በጥቁር አረንጓዴ የተሞላ ነው። ጠረጴዛችን አንዳንዴ የትምህርት ቤት ሰልፍ ይመስላል የሚባለው እውነት ነው። ሁለተኛው ከየቤታችን ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችን በሻንጣ ጥግ የምትልኩልን ነው፤ ቀለሙ የሚያምረው እሱ ነው፣ ወረቀቱ ተቀዶ ምን ዓይነት ክር እንደሆነ የማይታወቀውም እሱ ነው።

ምን ዓይነት ክር እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የቅንጦት ነገር አይደለም። ጣት የምታህል ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዞ፣ በብረት ሳህን ላይ፣ ውሃ አጠገብ አድርጎ ክብሪት መጫር ነው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ሲያነሱለትም ቶሎ ይጠፋል። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ለሻይ ብርጭቆ አክሪሊኩም ችግር የለበትም፣ ሻይ ያንን ያህል አይሞቅም። የጀበና እጀታ መያዣ ግን ከጥጥ ወይም ከሱፍ ብቻ ነው የሚሠራው። ከከሰል አጠገብ የሚውል ዕቃ አክሪሊክ ከሆነ እጅ ላይ ይቀልጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከእኛ ጠረጴዛ እንዳይወጣ ሲባል ነው መጋዘን ውስጥ ሦስቱ ከረጢቶች በሦስት ቀለም ጨርቅ የታሰሩት፤ እባካችሁ አትቀላቅሏቸው። ቀይ ክር ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሳይታሽ ከነጭ ጋር አይሠራ። ቀለሙን ከለቀቀ ለብቻው ይቀመጥ።

መጠኑን በተመለከተ ብዙ አንልም፣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ብርጭቆውን በሜትር ዙሪያውን ለክቶ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ማሳነስ ነው፤ ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 18 ላይ መሥራት። ሱፍ ተለጥጦ ይመለሳል። ጥጥ ከተለጠጠ እንደተለጠጠ ይቀራል፣ ስለዚህ ጥጡን ጠበቅ ማድረግ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የምታውቁት ነው። ሒሳብ ክፍሉን ያስነሳው ግን አንድ ቃል ነው፤ “ነፃ” የሚለው። “ክሩ ነፃ ነው፣ ስለዚህ የሸጥነው ሁሉ ትርፍ ነው” ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። በመዝገባችን ላይ በስጦታ የመጣ ክር ዜሮ ተብሎ አይጻፍም፤ ተመዝኖ፣ ዋጋው ተገምቶ፣ በዓይነት የተገኘ ድጋፍ ተብሎ ይገባል። ይህ ለደጋፊዎቻችን ክብርም ለእኛም ጥንቃቄ ነው። ከክሩ ዋጋ በላይ ግን የሚከብደው ትርፍራፊ መሆኑ ነው።

ይህን በሰዓት ለክተነዋል። አንዲት አባላችን፣ በአንድ ኪሮሽ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ሁለት ጊዜ ሠራች። ከአንድ ሙሉ ጥቅል፣ በአንድ ቀለም ስትሠራ 50 ደቂቃ ወሰደባት። አምስት ቀለም ካላቸው ቁርጥራጮች ስትሠራ 80 ደቂቃ። እጇ አልዘገየም። አምስት ቀለም ማለት አሥር ጫፍ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ጫፍ በመርፌ ወደ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይመዘዝ መታሰር አለበት። ገዢ የሚያየው ቀለሙን ነው። አሥሩን ጫፍ የሚያይ የለም፣ ካየማ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው።

ለአንዱ ልብስ ለሠሪዋ የምንከፍለው 90 ብር ነው፣ በአንድ ቀለም ይሁን በአምስት። በአንድ ቀለም ስትሠራ ሰዓቷ 108 ብር ያወጣል። በአምስት ቀለም ስትሠራ 67 ብር ከ50 ሳንቲም። ማለትም በጣም የሚያምረውን፣ ገዢው ቀድሞ የሚያነሳውን የምትሠራው ሴት ናት በሰዓት ያነሰ የምታገኘው። ለዚህ ነው ሁላችንም ከረጢቱ ሲከፈት ትልልቁን ጥቅል ለማግኘት የምንሻማው። ጠባያችን ተበላሽቶ አይደለም። የክፍያው ደንብ ነው እንዲህ የሚያደርገን።

ሌላም አለ፤ ዛሬ ከሁሉ በላይ እንድትሰሙን የምንፈልገውም ይህንን ነው። ክሩ ከረጢት ውስጥ ሲመጣ እንደተተበተበ ነው የሚመጣው። ኪሮሽ ከመነሳቱ በፊት መፈታት፣ በዓይነት በዓይነት መለየት፣ መጠንጠን አለበት። ይህን የሚሠሩልን ዓይናቸው ለኪሮሽ ያልሆነላቸው፣ ጣታቸው ግን ትዕግሥት ያለው ትልልቆቹ እናቶቻችን ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ መጋዘኑ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ስታዩአቸው ቡና የሚጠጡ ይመስላችኋል። በአንድ ሐሙስ አራት እናቶች ሦስት ሰዓት ሠርተው 60 ልብስ የሚወጣው ክር አጠነጠኑ። አሥራ ሁለት ሰዓት ለ60 ልብስ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 12 ደቂቃ ነው። በመዝገባችን ላይ ለዚህ 12 ደቂቃ የተጻፈ አንድ ሳንቲም የለም።

ስንጠይቃቸው ያፍራሉ። “ከቤት ከመዋል ይሻለናል፣ ምን ሠራንና ነው ገንዘብ የምንቀበለው?” ይላሉ። እናቶቻችን፣ ይህ ትሕትናችሁ ይከበር፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም። እናንተ ሐሙስ ባትመጡ ሠሪዋ ያንን ክር ራሷ ልትፈታው ነው፣ የ80 ደቂቃው ሥራ ከ92 ደቂቃ በላይ ሊሆን ነው። ቸርነት ቢሆንማ እሰየው፤ በዚህ ቤት ግን የራሷን የመድኃኒት ገንዘብ ከጎረቤት የምትበደር እናት ለማኅበሩ ካዝና እየለገሰች መሆኗን አይተን ዝም ማለት አልቻልንም።

አሁን ያለው የ150 ብር ዋጋ እንዲህ ይከፋፈላል። ለሠሪዋ 90፣ ለባዛር ጠረጴዛና ለትራንስፖርት 20፣ ለመለያ ወረቀትና ለማሸጊያ 10፣ ለማኅበሩ ካዝና 30። ያቀረብነው ሐሳብ ደግሞ ሁለት ዋጋ ይኑረን የሚል ነው። ባለ አንድ ቀለሙ 160 ብር ሆኖ ሠሪዋ እንደ ድሮው 90 ታግኝ፣ 15 ብር ለክር ፈቺዎች ይሁን። ባለ ብዙ ቀለሙ 180 ብር ሆኖ ሠሪዋ 110፣ ክር ፈቺዎች 15 ያግኙ። ባዛሩና ወረቀቱ እንዳለ ይቀጥላል። በሁለቱም ከካዝናው ላይ 5 ብር ይቀነሳል፣ ከ30 ወደ 25። ካዝናውን የምንጠብቅ ሰዎች ይህን ስናቀርብ ደስ ብሎን እንዳልሆነ ትገምታላችሁ። ቢሆንም ያ 5 ብር ድሮም የካዝናው አልነበረም ባዮች ነን።

ወደ ትእዛዙ እንምጣ፤ ሰሞኑን ስንከራከርበት የሰነበትነው እሱ ነውና። አንድ የካፌ ባለቤት 400 የብርጭቆ ልብስ እንድንሠራላቸው ጠይቀውናል። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም አንድ መጠን፣ በሦስት ሳምንት፣ እያንዳንዱ በ100 ብር። ክፍያው ዕቃውን በተረከቡ በ30 ቀን።

ትእዛዙን እንቀበል የሚሉ እኅቶቻችን ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። 400 ልብስ በ50 ደቂቃ ሲባዛ 333 ሰዓት ነው፤ አሥራ ሁለት ሆነን ብንካፈለው ለእያንዳንዳችን 28 ሰዓት ያህል ቢደርሰን ነው። በሦስት ሳምንት ይወጣል። በእጅ 3,000 ብር ገደማ ማለት ነው፣ ያውም ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ደብተርና ጫማ በሚገዛበት ሰሞን። “ባዛር እስኪመጣ ልጄ ምን ይልበስ?” ያለችው እኅታችን ልክ ናት።

ነገር ግን 100 ብሩን እንዘርዝረው። ለሠሪዋ 90፣ ለወረቀትና ለማሸጊያ 10። አለቀ። ለክር ፈቺዎች የለም፣ ለካዝና የለም፣ ከሁሉ በላይ ለክር የለም። አንዱ ልብስ 25 ግራም ያህል ክር ይፈጃል፤ 400ው አሥር ኪሎ ቡናማ ክር ይፈልጋል። በከረጢታችን ውስጥ ያለው ቡናማ ሁለት ጥቅል ነው። ትርፍራፊ ክር ከሁሉ ነገር ትንሽ ትንሽ አለው፣ ከአንድ ነገር ብዙ የለውም፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ መርካቶ ወርደን ልንገዛ ነው። የክር ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ዛሬ ቁጥር አንጠራም፤ ስንትም ይሁን የሚቆረጠው ከሠሪዋ 90 ብር ላይ ነው፣ ሌላ የሚቆረጥበት ቦታ የለማ። ያ ማለት 3,000 ያልነውም 3,000 አይሆንም። ገንዘቡም እስኪከፈለን ድረስ የሚወጣው አባል ሲታመም ከምናበድርበት ካዝና ነው፤ ሥራውንና የ30 ቀኑን ጥበቃ ስንደምረው ከሰባት ሳምንት በላይ ተይዞ ይቆያል።

ከደጋፊዎቻችን አንዷ በቅን ልብ የእንግሊዝ አገሩን ምሳሌ አንስተውልናል። ኢኖሰንት የሚባለው የጭማቂ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሠሯቸውን ትንንሽ የሹራብ ባርኔጣዎች ጠርሙሶቹ ላይ እያደረገ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ባርኔጣ ካደረገ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዓመታት 25 ፔንስ አረጋውያንን ለሚረዳው ለኤጅ ዩኬ ሲሰጥ ቆይቷል። ያማረ ሥራ ነው፣ ያስቀናል። ግን እዚያ ባርኔጣውን የምትሠራው ሴት ስጦታ እየሰጠች ነው። እኛ ዘንድ የምትሠራው የቤት ኪራይ እየከፈለች ነው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ አይጻፉም። ከእነሱ የምንወስደው ሌላ ነገር ነው፤ ከእነዚያ ባርኔጣዎች አንዱ ከሌላው እንዲመሳሰል የሚጠይቅ የለም፣ ሰውም የሚወዳቸው በዚሁ ነው።

ለካፌው ባለቤት እንድንጽፍ የምናቀርበውም ከዚህ የመጣ ነው። 400 ቡናማ ሳይሆን 200 ባለ ብዙ ቀለም። የባዛር ወጪ ስለሌለበት 150 ብር ይበቃናል፤ 110 ለሠሪዋ፣ 15 ለክር ፈቺዎች፣ 10 ለማሸጊያ፣ 15 ለካዝና። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ። ለባለቤቱም ጥቅሙን እንነግራቸዋለን። ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ሻይ ሲጠጣ እያንዳንዱ ብርጭቆውን በቀለሙ ያውቃል፣ በብርጭቆ ላይ የሚጠቀለለው ሶፍትም ይቀራል። የወር የሶፍት ወጪያቸውን አውጥተው ያስሉት። እምቢ ካሉ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉ አስተያየት ትእዛዙ ይቅር ነው። ቡናማ ክር ገዝተን፣ ካዝናችንን አራቁተን፣ ለሌላ ሰው ካፌ ልብስ ለመስፋት ማኅበር መመሥረት አያስፈልገንም ነበር። ይህ ግን የእኛ ሐሳብ ነው፤ ድምፁ የእናንተ ነው።

ለደጋፊዎቻችን ሁለት ነገር እንለምናለን። 180 ብር የተጻፈበትን ዕቃ 500 ብር ሰጥታችሁ “መልሱን ያዙት” አትበሉን። ልባችሁን እናውቃለን። ነገር ግን ያ 320 ብር በሽያጭ ደብተር ሲገባ ዕቃው የሚፈለግ ያስመስለዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ባልተፈለገ ዕቃ ላይ እንድንለፋ ያደርገናል። መስጠት ስትፈልጉ ይንገሩን፣ ለብቻው የእርዳታ ደረሰኝ እንቆርጣለን። ዕቃውን ስትገዙ ደግሞ ሻይ ጠጡበት እንጂ ኮመዲኖ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጠበበ፣ ሰፋ፣ ቀለም ለቀቀ የሚል ወሬ ከእናንተ ካልመጣ ከማን ይመጣል?

ሌላው ክር ስትልኩ ነው። ከአንድ ክንድ ያጠረው ትራስ መሙያ ከመሆን አያልፍም፣ አትልፉበት። ወረቀቱ ካለ ከክሩ ጋር እሰሩልን። ለክር ብላችሁ ለፖስታ አትክፈሉ፤ የመላኪያው ዋጋ ከክሩ ሊበልጥ ይችላል፣ ያንን ገንዘብ እዚሁ ብናገኘው መቀስና ኪሮሽ እንገዛበታለን። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ላይ ቦታ ከተረፈው ግን በደስታ።

ጥያቄ ካላችሁ በዕረፍቱ ላይ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ታገኙናላችሁ። ባለ አንድ ቀለሙና ባለ አምስት ቀለሙ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የወሰደው ደቂቃ ተጽፏል። ገልብጣችሁ ጫፎቹን ፈልጉ። የድምፅ ወረቀቱ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው። አንዱ ስለ ክር ፈቺዎች ክፍያና ስለ አዲሱ ዋጋ፣ ሌላው ስለ ካፌው ትእዛዝ ነው። ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ እናቶች ሁለት ልጆች መድበናል፣ ያነቡላችኋል እንጂ አይመርጡላችሁም።

ሻዩ የሚቀርበው በእነዚሁ ልብሶች ነው። ብርጭቆውን ስትመልሱ ልብሱን አውልቃችሁ በቅርጫቱ ውስጥ አኑሩልን፤ ተቆጥረው ነው የወጡት።